ጥቁሩ ድንጋይ፣ ቀዩ አፈር

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የጊዮርጊስ ዕለት። የኢትዮጵያ ሠራዊት በአድዋ ተራሮች ከጣሊያን ጦር ጋር በተጋጠመበት በዚያው ቀን፣ ፓሪስ ላይ አንሪ ቤክሬል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ከመሳቢያው አንድ የፎቶግራፍ መስተዋት አውጥቶ አጠበ። መስተዋቱ በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ የዩራኒየም ጨው ተቀምጦበት ሰንብቷል። ሰማዩ ደመና ሆኖ ፀሐይ ስላልወጣ ቤክሬል የጠበቀው እጅግ የደበዘዘ ምልክት ነበር። የወጣለት ግን ጥርት ያለ ጥላ ነው። ጨረራውን ያመነጨው ጨው ራሱ ነበር እንጂ ፀሐይ አልረዳችውም። በማግስቱ ግኝቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

ጎንደር ላይ ፊዚክስ ሳስተምር የጨረራን ምዕራፍ የምጀምረው ሁልጊዜ በዚህች እሑድ ነው። የአድዋን ዕለት የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የቤክሬልንም ዕለት ከአድዋ ጋር አያይዞ የሰማ ተማሪ አይረሳውም። እኔ ደግሞ የራሴ ምክንያት አለኝ። ከጎንደር ወደ አክሱምና አድዋ የሚያወጣው አሮጌ መንገድ የሚያልፈው በተወለድኩባት በዛሪማ ነው። ድንጋይና አፈር ከውስጣቸው የሚያወጡት ጨረራ፣ በሰው ጤና ላይም የሚያደርሰው፣ የሩቅ አገር ሰዎች ወሬ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ታሪኩ በእኛ ገደል ላይ ቆሞ ሊነገር ይችላል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሪማ ቆላ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደባርቅ ግን 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል የሊማሊሞ ገደል አለ። ጠዋት ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ጠመዝማዛውን ወርዶ ሲጨርስ ጋቢውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ደጋው ገብስ ሲያበቅል እኛ ማሽላና ሰሊጥ እንዘራለን። መኪና ከመምጣቱ በፊት ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው የነጋዴ ቅፍለት ተከዜን ተሻግሮ፣ በዛሪማ በኩል አልፎ፣ ይህን ገደል በእግሩና በበቅሎው ይወጣ ነበር።

በየካቲት 1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚሁ መንገድ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። ብሩስ መሣሪያ የሚወድ ሰው ነበር፤ ኮከብ መመልከቻና የሙቀት መለኪያ ይዞ ነበር የሚጓዘው። ጎንደርና ቁስቋም በተቀመጠበት ጊዜ የክረምቱን ዝናብ ሳይቀር እየለካ መዝግቧል። የአገራችንን ሕመሞችም ጽፏል፤ ከጻፋቸው አንዱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚያ ላይ ነውና።

ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው በቀኝና በግራው የሚያየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ቀልጦ ፈስሶ፣ ቀዝቅዞ፣ በላዩ ሌላ እየፈሰሰበት ደርብ በደርብ የተከመረ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የመኪና መንገዱን ሲያስቆርጥ ደርቦቹ በግልጽ ታዩ። ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠው ገደል ለጂኦሎጂ ተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪዎቼን ወስጄ ከማሳይበት ቦታ የሚበልጥ መማሪያ ክፍል አላገኘሁም።

ይህ ድንጋይ ዕድሜው ስንት ነው? በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ የደጋውን የድንጋይ ደርቦች ቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይና የአንታሎ በሃ ድንጋይ የሚሉትን እስከ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ስሞች ሰጥቷል። የትኛው ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደሆነ ማየት ይችል ነበር። ዓመቱን ለመቁጠር ግን የቤክሬል ልጆች መምጣት ነበረባቸው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የተባለው ሬዲዮአክቲቭ ዓይነት በዝግታ እየፈረሰ በከፊል ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ከቀዘቀዘ ጀምሮ ውስጡ ታስሮ የቀረውን አርጎን የለካ ሰው ዕድሜውን ያውቃል። በዚህ ዘዴ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አብዛኛውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ በ1997 ታተመ። የስሜን ተራራም የዚያው ዘመን እሳተ ገሞራ ነው። ሰዎች ጨረራ ሲባል ቦምብና ሕመም ብቻ ስለሚታያቸው ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ የስሜንን የልደት ዘመን የነገረን በራሱ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨረራ ነው።

ወደ አፈሩ ልመለስ። አፈር ጨረራ እንዳለው በመጀመሪያ ካወቁት ሰዎች መካከል ሁለቱ እንደኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። ዩሊየስ ኤልስተርና ሐንስ ጋይትል ይባላሉ፤ ጀርመን አገር በቮልፈንቡተል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1901 የዋሻና የምድር ቤት አየር ከውጭው አየር ይበልጥ ሬዲዮአክቲቭ መሆኑን አገኙ፤ ቀጥለውም ከአፈር ውስጥ በቱቦ የተሳበ አየር ያው መሆኑን አሳዩ። በትምህርት ቤት ዕቃ የሚሠራ ሙከራ ነበር፦ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ሁለት ቀጫጭን የወርቅ ቅጠሎች ተራርቀው ይቆማሉ፤ አየሩ ጨረራ ካለው ኤሌክትሪኩ ይፈስና ቅጠሎቹ ይገጥማሉ። በምን ያህል ደቂቃ እንደገጠሙ መቁጠር ነው ሥራው። በ1906 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ስትረት ከልዩ ልዩ አገር ድንጋይ ሰብስቦ በውስጣቸው ያለውን ራዲየም ሲለካ፣ ግራናይት ብዙ፣ ባዛልት ጥቂት ሆኖ አገኘው።

የስትረት ውጤት ለእኛ ብዙ ይናገራል። ባዛልት በተለምዶ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ወደ 10 ቤክሬል ዩራኒየም፣ ከ10 እስከ 15 ቤክሬል ቶሪየም፣ ከ250 እስከ 300 ቤክሬል ፖታሲየም 40 ይይዛል። የግራናይት ዩራኒየምና ፖታሲየም የዚህ አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቶሪየሙ ከዚያም ይበልጣል። ቤክሬል ማለት በአንድ ሰከንድ የሚፈርስ አንድ አቶም ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች የተባበሩት መንግሥታት የጨረራ ኮሚቴ በሚጠቀምበት ቀመር ስናሰላቸው፣ በባዛልት አፈር ላይ የቆመ ሰው ከምድር የሚያገኘው ጨረራ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ናኖ ግሬይ (ግሬይ የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) ይሆናል። በግራናይት ላይ ከ100 ያልፋል። የዓለም አማካይ ወደ 60 ነው። ስለዚህ ስሜንን የሚያርስ ገበሬ ከእግሩ በታች ያለው ድንጋይ በዚህ በኩል ከዓለም ጸጥተኛ ድንጋዮች አንዱ ነው።

የላይኛውስ? በ1910 ቴዎዶር ቩልፍ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ መለኪያውን ይዞ ኤፍል ማማ ላይ ወጣ። ጨረራ ከምድር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከፍ ባለ ቁጥር መጥፋት ነበረበት፤ የቀነሰው ግን ከጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር። በነሐሴ 1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ለካ፤ ጨረራው መጀመሪያ ትንሽ ቀንሶ ከዚያ እየጨመረ ሄደ። ከሰማይ የሚወርድ ሌላ ጨረራ አለ ማለት ነው። በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ሄስ በፊኛ የወጣውን በእኛ አገር በአውቶቡስ ማየት ይቻላል። ያው ኮሚቴ በሚጠቀምበት የከፍታ ቀመር ሳሰላው፣ ከሰማይ የሚመጣው ጨረራ ዛሪማ ላይ በሰዓት ከ40 እስከ 45 ናኖ ግሬይ ገደማ፣ ደባርቅ ላይ ከ80 እስከ 90 ይሆናል። ሊማሊሞን ወጥቶ የጨረሰ ሰው የሰማዩን ጨረራ በእጥፍ ጨምሯል። በባዛልት ላይ ለተሠራች ለደባርቅ ደግሞ ሰማዩ ከምድሩ ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣል። «ተራራችን ከሰማይ ስለሚቀርብ ነው» አለኝ አንድ የደባርቅ ተማሪ፤ ልክ ነው። ከላያችን ያለው የአየር ልብስ ሲሳሳ ከለላው ይቀንሳል። ይህ ለሕመም የሚያበቃ መጠን አይደለም፤ ላ ፓዝና ላሳ የመሰሉ ከተሞች ከዚህ በላይ ሆነው ለዘመናት ኖረዋል።

በአፈራችን ውስጥ ግን ከድንጋዩም ከሰማዩም ያልመጣ ነገር አለ። ከ1945 በኋላ ኃያላኑ በአየር ላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ አመድ ዓለምን ዞሮ ከዝናብ ጋር ወርዷል፤ ሲዚየም 137 የተባለውን ክፍል የትኛውም አገር አፈር ውስጥ መለካት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የጨረራ ኮሚቴ በ1955 የተቋቋመው በዚህ ስጋት ነው። በየካቲት 1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን በሰሃራ፣ አልጄሪያ ውስጥ ሬጋን ላይ አፈነዳች፤ አፍሪካም ተቆጣች። በኅዳር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ሲያውጅ ሐሳቡን ካመነጩት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የራሷ ቦምብ፣ የራሷ የኑክሌር ማብለያ የሌላት አገር አፈሯ ላይ ስለሚወርደው ነገር በዓለም ፊት ተነሥታ መናገሯ ዛሬም ያኮራኛል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ሲቋቋም ኢትዮጵያ አባል ሆናለች፤ የራሷን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ያቋቋመችው ግን በ1993 ነው።

ያ የቦምብ ትራፊ በምርምር በኩል አንድ ጥቅም ተገኝቶበታል። ሲዚየም ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ የአፈር ተመራማሪዎች ከየትኛው ተዳፋት አፈር ተጠርጎ እንደሄደ፣ የት እንደተከማቸ ያውቁበታል። የስሜን አፈር መጠረግ ደግሞ የቆየ ጉዳይ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ የስሜን ፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ አጥንቶታል። ደጋው ያጣውን አፈር ወንዞቹ ወደ ቆላው ያወርዱታል። የዛሪማ እርሻ ከባዛልቱ ግርጌ ነው፤ ወደ ተከዜ በወረድን ቁጥር ደግሞ አሸዋማ ድንጋይና ከዚያ በታች እጅግ ያረጀው፣ ግራናይትም ያለበት መሠረት ይወጣል። የሁለቱ ዓይነት ድንጋይ ልጆች የሚደባለቁበት ቦታ ላይ ነው የምናርሰው። ከመጽሐፍ የተወሰደ የባዛልት ቁጥር ለደባርቅ ይበቃ ይሆናል፤ ለዛሪማ አይበቃም፤ ማሳ በማሳ መለካት ያስፈልጋል።

አፈር እንዴት ይለካል? ሣሩና ሥሩ ይነሣል፤ እስከ ስንዝር ጥልቀት ይቆፈርና አንድ ሁለት ኪሎ ይወሰዳል። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ከማሳ ዳር ስንቆፍር የማሳው ባለቤት የሆኑ አባት መጥተው ቆሙና «አንች ልጅ፣ መሬቱን ምን አግኝተሽበት ነው የምትወስጅው?» አሉኝ። የሚያሳምም ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ ነው አልኳቸው። «እንግዲያ ከቤቴም ውሰጅ፤ የምውለው እዚህ ቢሆን የማድረው እዚያ ነው» አሉ። ብዙ ተመራማሪ የማይጠይቀውን ነበር የነገሩኝ።

የተወሰደው አፈር በምድጃ 105 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በማይተነፍስ ዕቃ ይታሸጋል። ከዚያ አራት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ምክንያቱ ራዶን ነው። ዩራኒየም በብዙ ደረጃ እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየም ሲፈርስ ራዶን የተባለ ጋዝ ይወልዳል፤ ጋዙ ደግሞ አፈሩ ሲፈጭ ያመልጣል። የራዶን ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ስለሆነ፣ አራት ሳምንት ከታሸገ በኋላ የሚወለደውና የሚፈርሰው እኩል ይሆናል። ከዚያ በወፍራም እርሳስ በተከበበ ዕቃ ውስጥ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ የጀርማኒየም መለኪያ ላይ ይቀመጣል። መለኪያው እያንዳንዱን የጋማ ጨረር በኃይሉ መጠን ለይቶ ይቆጥራል፤ ፖታሲየም 40 በ1,461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከቶሪየም የመጨረሻ ልጆች አንዱ የሆነው ታሊየም በ2,614 ላይ ይታያሉ። ከኤልስተርና ከጋይትል የወርቅ ቅጠል እስከዚህ ሰማንያ ዓመት አልፈጀም።

ከቁጥሩ ወደ ጤና የሚወስደው ስሌት ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ኮሚቴው ሰው ከአምስት እጅ ጊዜው አንዱን ከቤት ውጭ፣ አራቱን ቤት ውስጥ ያሳልፋል ብሎ ያሰላል። ይህ በቀን አምስት ሰዓት የማይሞላ የውጭ ውሎ ነው። የዛሪማ ገበሬ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው፤ ሰሊጥ ሲደርስ እዚያው አውድማው ላይ ያድራል፤ እረኛ ልጅም ቤት የሚገባው ለመተኛት ነው። የእኛን አፈር የሚለኩ ወጣቶች ይህን 0.2 የሚል ቁጥር ከመጽሐፉ እየገለበጡ ሲጽፉ ሳይ አዝናለሁ። ሰው የት እንደሚውል ጠይቆ መጻፍ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። መልሱ በእጥፍ ሊለወጥ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ግን በእጥፍ ቢለወጥም በባዛልት አፈር ላይ ያለው ትንሽ ነው። በሕንድ ኬረላ ቶሪየም የሞላበት አሸዋ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከዓለም አማካይ ብዙ እጥፍ ይወስዳሉ፤ ለዓመታት ተከታትለዋቸው በካንሰር ብልጫ አላገኙም። ዛሪማ ላይ ከማሳው የሚመጣ ጋማ ጨረራ የሚያሳስበኝ ነገር አይደለም።

አሁን ብሩስ ወደ ጻፈው ሕመም ልመለስ። በአገራችን ከጉልበት በታች እግሩ አብጦ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ወፍሮ፣ ቆዳው የሻከረ ሕመምተኛ አይቶ በዝርዝር ጽፏል። ዝሆኔ ነው። የአክስቴ ባል ነበረበት። ለለቅሶ ሲመጣ ከድንኳኑ ዳር ይቀመጥ ነበር፤ እግሩን በአሮጌ ነጠላ ይጠቀልላል፤ ልጆቹን ለመዳር ሲፈለግ የሰው መልስ ምን እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። ጸበል ተጠምቋል፤ መድኃኒተኛ ዘንድ ሄዷል። የሞተ እባብ ረግጦ ነው ያለም ነበረ፣ በዘሩ ነው ያለም ነበረ፣ እርግማን ነው ያለም ነበረ። አያቴ፣ እማየ ነበር የምንላት፣ «ምድሪቱ ናት የያዘችው» ትል ነበር።

ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ሁሉንም ዝሆኔ ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ይሰጡት ነበር። ያ ዓይነት ዝሆኔ በቆላው በእርግጥ አለ። ግን ትንኟ በማትኖርበት ደጋ ሕመሙ ለምን ይበዛል? በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦመን የተባለ ሐኪም በየገበያው ያበጠ እግር ያለውን ሰው እያስቆጠረ ሕመሙ የት እንደሚበዛ አሳየ። ከዚያም በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው ብሪታንያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሕመሙ ከቀይ አፈር ጋር አብሮ እንደሚሄድ ተመለከተ። ጫማ በማያደርጉ ገበሬዎች ብሽሽት እጢ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲፈልግ ጥቃቅን የሲሊከንና የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን አገኘ። በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ሰጠው። በባዶ እግር በኩል የገባው የአፈር ቅንጣት የእጢውን መስመር እያቆሰለ ይዘጋዋል። የብሩስ መጽሐፍ ከታተመ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ያ ቀይ አፈር ከየት ይመጣል? ከፍ ባለ ቦታ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት አገር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከባዛልት። በጋማ መለኪያ ላይ ስናስቀምጠው ጸጥ የሚለው ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ዝናብ ለዘመናት ሲያፈርሰው፣ እግር የሚያሳብጠውን ቀይ ሸክላ አፈር ይሆናል። የጀርማኒየሙ መለኪያ ይህን አያይም፤ ሊያይም አልተሠራም። አንድ ጥናት «የጨረራው መጠን ከዓለም አማካይ በታች ስለሆነ አፈሩ ለጤና አያሰጋም» ብሎ ሲደመድም ባነበብኩ ቁጥር የአክስቴ ባል ይታየኛል። ስለ ጋማ ጨረር የተገኘው መልስ ስለ አፈሩ ሁሉ እንደ መልስ እየተጻፈ ነው፤ በአማራ ደጋ ይህን መጻፍ ስሕተት ነው።

በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ሕመሙ ከአንዳንድ ሰዎች የዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳተሙ፤ ለምን ከአንድ ማሳ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ እንደሚታመም ያስረዳል። «በዘሩ ነው» ያሉት ጎረቤቶች ግማሹን እውነት ይዘው ነበር፤ እማየም ሌላውን ግማሽ። በከበደ ደሪቤ የተመራው አገር አቀፍ ጥናት በ2013 ኢትዮጵያን በወረዳ ሲያስስ ሕመሙ እጅግ ሰፊ መሆኑ ታወቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን እንዳለባቸው ይገመታል፤ አማራ ክልል ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። የሚከላከለው ጫማ፣ እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ የተሸፈነ ወለል ነው። ከተጀመረም በኋላ በመታጠብ፣ በቅባትና በፋሻ ይሻላል። የአክስቴ ባል ይህን የነገረው ሰው ሳይኖር ሞተ።

ወለልን ካነሣሁ፣ እኒያ የማሳው አባት ያሉኝን ልጨርስ። ዓለም ሁሉ ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረራ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በቤት ውስጥ ከሚተነፈስ ራዶን ነው። ራዶን ከአፈር ወጥቶ አየር ባነሰበት ቤት ይከማቻል፤ ሲፈርስ የሚወልዳቸው ቅንጣቶች ሳንባ ላይ ተለጥፈው ይፈርሳሉ። አግሪኮላ በ1556 ባሳተመው መጽሐፉ በካርፓቲያ ተራሮች የማዕድን ቆፋሪ ባሎቻቸውን በሳንባ ሕመም እየቀበሩ ሰባት ጊዜ ያገቡ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። በ1879 ሐርቲንግና ሔሰ የተባሉ ሐኪሞች የሽኔበርግ ቆፋሪዎችን የሚገድለው የሳንባ ካንሰር መሆኑን አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ከሳንባ ካንሰር ከ3 እስከ 14 በመቶው ከራዶን ጋር እንደሚያያዝ ገልጾ፣ በአንድ ሜትር ኩብ የቤት አየር ከ100 ቤክሬል እንዳይበልጥ መክሯል።

የእኛ ቤት በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ መደቡም ጎታውም ከዚያው አፈር የተሠራ ነው። ሰው አፈር ላይ ይተኛል፣ ግድግዳውም አፈር ነው። የዛሪማ ቤት ግን አገሩ ሞቃት ስለሆነ ይተነፍሳል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ከክዳኑ ሥር ነፋስ ያልፋል፣ ብዙ ሰው በበጋ ደጅ ያድራል። ደባርቅ ላይ ብርዱ በሩን ያዘጋል። መስኮት የሌለው ክፍል ሌሊቱን በሙሉ ተዘግቶ፣ ምድጃው እየጤሰ፣ ሰው መደብ ላይ ይተኛል። ጭሱ ብቻውን ለሳንባ ክፉ ነው፤ ራዶን ከጭስ ጋር ሲደረብ ደግሞ ጉዳቱ እንደሚጨምር ከሲጋራ አጫሾች ታውቋል። ባዛልቱ ራዲየሙ ጥቂት ቢሆንም የተዘጋ ቤት ጥቂቱን ያጠራቅማል። አሁን በቆርቆሮና በብሎኬት የሚሠሩት ቤቶች ስንጥቅ የሌለው የሲሚንቶ ወለል ካላቸው ጋዙንም ይከላከላሉ፣ እግርንም ከቀዩ አፈር ያድናሉ፤ ወለሉ ከተሰነጠቀና መስኮቱ ከጠበበ ግን ጋዙ ይገባል፣ የሚወጣበት ያጣል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ እንደ ጀርማኒየሙ ፈሳሽ ናይትሮጅን የማይጠይቅ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ፕላስቲክ ነው። ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ይንጠለጠላል፤ ከራዶን የሚወጡት ቅንጣቶች በላዩ ጭረት ይተዋሉ፤ በኬሚካል ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ያ ልማድ ለዚህ ሥራ ይመቻል። አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት መሰቀል አለበት። ክረምት ሲገባ በውጭ ያለው አፈር በውኃ ተሞልቶ ስለሚደፈን፣ ጋዙ ደረቅ ሆኖ ወደ ቀረው ወደ ቤት ሥር ይሄዳል። መጀመሪያ ደባርቅ ላይ በመደብ ራስጌ፣ ቀጥሎ በሊማሊሞ ግርጌ፣ ከዚያ ዛሪማ ላይ፤ በየቤቱም ሰዎቹ ስንት ሰዓት ቤት ውስጥ እንደሚያሳልፉ፣ ወለላቸው ምን እንደሆነ፣ ልጆቻቸው ጫማ እንዳላቸው በአንድ ወረቀት ላይ አብሮ ይጻፍ።